የስፖርት ጋዜጠኛ ሲያርፍ ድምፁን ማቆየት፦ ስለ ካሴት፣ ስለ ቀንና ስለ ሕይወት ታሪክ

የስፖርት ጋዜጠኛውን ደምሴ ዳምጤን ለሚያስታውስ ሰው 1980 ዓ.ም. ማለት ሴካፋ፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የእግር ኳስ ዋንጫ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ኢትዮጵያና ዚምባብዌ፣ 1 ለ 1፣ ከዚያ የመለያ ምት 5 ለ 4። ስታዲየም ያልገባው ሕዝብ ያንን ዋንጫ የተቀበለው በጆሮው ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ ባለቤቱ ካረፈ በኋላ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ብዙ ጊዜ የሚሰማው የቅጂ ቅጂ ነው። ከሥሩ ሙዚቃ ተደርጎበት፣ መግቢያውና መውጫው ተቆርጦ፣ ቀኑ ተሳስቶ ይመጣል። የስፖርት ጋዜጠኛ ሀብቱ ድምፁ ሲሆን የሚገኘውም በጣቢያው መዝገብ ቤትና በየሰው ቤት ካርቶን ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ለቤተሰብ፣ ለባልደረባና ለአድማጭ የሚሆን የሥራ ምክር ነው። ስለ ሟቹ ታላቅነት ሌላው ይጽፋል።

በሐዘኑ የመጀመሪያ ቀናት ስለ ካሴት አይወራም። ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ «ቅጂዎቹ የት አሉ?» ማለት ነውር ነው። አንድ ነገር ግን እስከ አርባው መቆየት የለበትም። ቤቱ ለለቅሶ ሲጠረግ፣ ለእንግዳ ማረፊያ ክፍል ሲለቀቅ አሮጌ ካርቶን ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ከጓሮ ደግሞ ወደ ቆራሌው ይሄዳል። ስለዚህ ለቤቱ ቅርብ የሆነ አንድ ሰው ለባለቤቱ ወይም ለታላቅ ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ «ካሴትና ወረቀት ያለበት ካርቶን እንዳይጣል፣ መሬት ላይም እንዳይቀመጥ» ብሎ ይንገር። ለጊዜው ይበቃል። ሌላው ከአርባው በኋላ ይደርሳል። ቤተሰቡ ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ከሆነ ጊዜውን ራሳቸው እንዲነግሩ መጠበቅ ነው።

ቤተሰብ ካሴት አልሰጥም ሲል አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አለው፦ «ነገ እመልሳለሁ» ብሎ ወስዶ የጠፋ ሰው አይጠፋም። መፍትሔው በሁለት ቅጂ የተጻፈ የመረከቢያ ወረቀት ነው። የካሴቱ ብዛት፣ በእያንዳንዱ ላይ የተጻፈው ቃል በቃል (ስህተት ቢኖረውም ሳይታረም)፣ የተረካቢው ስምና የሚመለስበት ቀን ይስፈርበት። ከመወሰዱ በፊት የካሴቱ ሁለቱም ገጽና የሽፋኑ ወረቀት ፎቶ ይነሳ። ቁጥር የሚለጠፈው በራሱ በካሴቱ አካል ላይ ነው። ሽፋን ይቀያየራል፤ ቁጥሩ ሽፋኑ ላይ ብቻ ካለ ከሳምንት በኋላ የዓለም ዋንጫው ካሴት የኦሊምፒክ ስም ይዞ ይገኛል።

ካሴቱ እጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚደረገው በጀርባው ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች መስበር ነው። እነሱ ከተሰበሩ ማንም በስህተት የመቅጃውን ቁልፍ ቢጫን እንኳ በላዩ አይቀዳበትም። ከዚያ በመስኮቱ በኩል የክሩን ጠርዝ ማየት። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ያ ካሴት ቴፕ ውስጥ አይገባም፤ የቴፑን ሄድ (ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን ክፍል) በክሎ ወደ ቀጣዩ ካሴት ይሻገራል። ለብቻው በወረቀት ከረጢት ተደርጎ ደረቅ ቦታ ይቀመጥና አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ሊያጸዳው ለሚችል ባለሙያ ይሰጥ።

ቴፑም መዘጋጀት አለበት። «ቴፑ ካሴት በላ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰተው ክሩን የሚጎትተው የላስቲክ ጎማ ሲቆሽሽ ወይም ሲደርቅ፣ አለበለዚያ የሚጠቀልለው ቀበቶ ሲላላ ነው። ጎማው ክሩን ወደፊት ይገፋዋል፣ የሚሰበስበው ግን የለም። ስለዚህ አስቀድሞ የማያሳሳ የዘፈን ካሴት ገብቶ ሁለቱም ገጽ እስከ መጨረሻ ይሞከር። ሄዱና ክሩ የሚነካው ብረት በጥጥና በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጸዳል። በየፋርማሲው የሚገኘው 70 በመቶው ውሃ ስለሚበዛበት 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን መፈለግ ይሻላል። አልኮል ላስቲክ ስለሚያደርቅ ለጎማው በውሃ የራሰ ጨርቅ ይበቃል።

ለዓመታት ያልተነካ ካሴት በቀጥታ አይጫወትም። መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደፊት፣ ከዚያ እስከ መጀመሪያው ወደ ኋላ ይጠቅለል። ይህ የተጣበቀውን ያላቅቃል፣ ውጥረቱንም ያስተካክላል። ክሩ ከተበጠሰ በተራ ፕላስተር መቀጠል የለበትም፤ ሙጫው በሙቀት ይቀልጥና ከሥሩና ከላዩ ካለው ክር ጋር ያጣብቀዋል። ለዚሁ የተሠራ ቀጭን መቀጠያ አለ። አካሉ ከተሰነጠቀ በብሎን የሚፈታ ሌላ ካሴት ተፈልጎ ክሩ ወደዚያ ይዛወራል። ባለ 120 ደቂቃ ካሴት ክሩ በጣም ስስ ስለሆነ በተቻለ መጠን አንዴ ብቻ ተጫውቶ፣ በዚያችው አንዴ መቀዳት አለበት።

የጣቢያ ሪል፣ ማለትም ያለ ሽፋን በትልቅ ጎማ ላይ የተጠቀለለው ክር፣ ሌላ ነገር ነው። ሲጫወት የሚጮህና ሄዱ ላይ ቡናማ ጭቃ የሚተው ከሆነ ወዲያው ይቁም። ድምፁ ያለበትን ሽፋን ከክሩ ጋር የያዘው ሙጫ እርጥበት ስቦ ነው። ባለሙያዎች በ50 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ለሰዓታት በማቆየት ለጊዜው ያድኑታል። ይህ በቤት ምድጃ የሚሞከር አይደለም። ወደ ብርሃን ሲያዙት የሚያሳልፍ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት የድሮ ሪል ደግሞ በጭራሽ እሳት አይነካውም፤ ይበላሻል።

አሁን ወደ መቅዳቱ። ከቴፑ መስመር መውጫ ወይም ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በሽቦ ወደ ውጫዊ የድምፅ ካርድ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒዩተር። የላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ ጫጫታ ስለሚጨምር አይመከርም። ስልክን ስፒከር ፊት ይዞ መቅዳት ደግሞ ባይሠራ ይሻላል። ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለሥራው በቂ ነው። የፋይሉ ዓይነት ዋቭ፣ ጥራቱ 24 ቢትና 48 ኪሎ ኸርዝ ሆኖ ይመረጥ። በአንድ ቻናል (ሞኖ) አንድ ሰዓት 520 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ብዙ ይመስላል፤ ግን የአንድ ጋዜጠኛ 40 ሰዓት ድምፅ በአንድ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ይገባል።

ድምፁ የታፈነ ከመሰለ ችግሩ ሁልጊዜ ከካሴቱ አይደለም። የቤት ቴፖች ሄዳቸው ትንሽ ያዘነበለ ስለሚሆን በአንዱ የተቀዳ በሌላው ሲጫወት «ስ» እና «ሽ» ይጠፋሉ። በሄዱ ጎን ያለችው ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቪቴ ጥቂት ጥቂት እየዞረች ድምፁ እስኪጠራ ይደመጥ። ይህ ከመቅዳት በፊት ካልተደረገ በኋላ በኮምፒዩተር አይመለስም። የካሴት ሹክሹክታ የሚቀንሰው ዶልቢ የሚባለው ቁልፍም፣ ካሴቱ በእሱ መቀዳቱ ካልታወቀ በቀር ይዘጋ።

በስፖርት ቅጂ ላይ ብቻ የሚያጋጥሙ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የድምፅ ከፍታ ነው። ረጋ ያለውን ትረካ ሰምቶ ከፍታውን የሚያስተካክል ሰው ጎል ሲገባ ቅጂው ተሰነጣጥቆበት ያገኘዋል። መጀመሪያ ጎሉ ወይም የመጨረሻው ዙር ይፈለግ። እዚያ ላይ መለኪያው ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ ተደርጎ ከዚያ ወደ መጀመሪያ ይመለስ። ሁለተኛው ጫጫታ ማጥፋት ነው። የሕዝብ ሆታ ለፕሮግራሙ ከካሴት ሹክሹክታ የተለየ ነገር አይደለም። በርከት አድርጎ ያጠፋ ሰው ስታዲየሙን አብሮ ያጠፋል፤ ጋዜጠኛውም በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚናገር ይመስላል። ያልተነካው ቅጂ ሁሌም ለብቻው ይቀመጥ፤ ማስዋቡ በሌላ ቅጂ ላይ ነው።

የፍጥነት ጉዳይም አለ። ባትሪው እየደከመ በነበረ ቴፕ የተቀዳ ነገር ዛሬ በደህና ቴፕ ሲጫወት ይሮጣል፤ ወፍራሙ ድምፅ ቀጭን ይሆናል። የአትሌቲክስ ቅጂ እዚህ ላይ ራሱ ሰዓት ነው። ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ 10,000 ሜትሩን የጨረሰው በ27 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ከ7 ነው። ሩጫው ከተኩሱ እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ካሴቱ ላይ ካለና 26 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ብቻ ከፈጀ፣ ቅጂው 4 በመቶ ገደማ ፈጥኗል ማለት ነው፤ በዚያው መጠን ይቀንስ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመበት ሩጫ 27 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ከ20 ነው። እግር ኳስ ግን ተጨማሪ ደቂቃ ስላለው ለዚህ አያገለግልም።

አሁን ብዙ መታሰቢያ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን፦ ቀን። በኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። 8 ዓመት ደግሞ ልክ ሁለት ኦሊምፒክ ነው። በዚህ ምክንያት በካሴት ላይ የተጻፈ የኦሊምፒክ ዓመት ብዙ ጊዜ ለሁለት ኦሊምፒኮች ይስማማል። «1964» ቶኪዮ ሊሆን ይችላል፣ በኛ ከሆነ ግን ሙኒክ ነው። «1972» ሙኒክ ነው ወይም ሞስኮ። «1980» በአውሮፓውያን ሞስኮ፣ በኛ የደምሴ ሴካፋ። «1984» ከሎስ አንጀለስ ይልቅ የደራርቱ ባርሴሎና፣ «1988» ከሴኡል ይልቅ የኃይሌና የፋጡማ ሮባ አትላንታ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ ኢትዮጵያ ሎስ አንጀለስም ሴኡልም አልተሳተፈችም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «1972 ምሩፅ 10 ሺህ» የሚል ካሴት ነው። ምሩፅ በሙኒክም በሞስኮም ይህንኑ ርቀት ሮጧል፤ በሙኒክ ነሐስ፣ በሞስኮ ወርቅ። የፊንላንዱ ላሲ ቪረን ስም በሁለቱም ይነሳል። የሩጫዎቹ ርዝመትም በሰከንዶች ብቻ ስለሚለያይ ሰዓት አይለያቸውም። መለያው ሌላ ነው። መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ከምሩፅ ጋር ሲሮጡ ከተሰማ ሞስኮ ነው፤ ቪረን ወድቆ ሲነሳ ከተሰማ ሙኒክ ነው።

ጳጉሜንና መስከረም ደግሞ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፤ አንድ ቀን ቢዘገይ 1953 ይሆን ነበር። የሲድኒው 10,000 ሜትር መስከረም 15 ቀን 1993 ስለነበር የሚቀነሰው 7 ነው። ስለዚህ በፋይሉ ስም ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፦ መጀመሪያ የአውሮፓውያኑ በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል፣ ቀጥሎ የኛው ከነ ወሩ ስም። ኮምፒዩተሩ በቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፣ ሰውም አይሳሳትም። ጥርጣሬ ካለ የማግስቱ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ይታይ። ብዙዎቻችን ዛሬም ወመዘክር በምንለው ቤተ መዛግብትና ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የቆዩ ጋዜጦች ይገኛሉ።

የማን ድምፅ እንደሆነ ማረጋገጥም ሥራ ነው። አንዱ ጋዜጠኛ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን አጋማሽ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በካሴት ላይ የሚጻፈው ደግሞ ይበልጥ የታወቀው ስም ነው። ስርጭቱ ሲጀመርና ሲያበቃ የሚነገረው ስም ወሳኝ ስለሆነ ያ ክፍል አይቆረጥ። ስም ከሌለ ሁለት ወይም ሦስት የቀድሞ ባልደረቦች ለየብቻ ይስሙት። አንድ ላይ ከተሰበሰቡ ትልቁ ሰው «እሱ ነው» ካለ ሌላው ይስማማል፤ አክብሮት ነው፣ ማስረጃ ግን አይሆንም። ታዋቂ አባባሎችንም በተመለከተ እንዲሁ ነው፤ ቅጂው ላይ ካልተሰማ በሟቹ ስም አይጻፍ።

የሕይወት ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከቀብሩ በፊት ባለው ሌሊት፣ በድካም ነው። አንድ ገጽ ተኩል፣ ሲነበብ 5 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ፀሐይ ላይ የቆመ ሕዝብ አይሰማም። የተወለደበት ቦታ በዚያን ጊዜው ስም (ጠቅላይ ግዛት ወይም ክፍለ ሀገር) ከዛሬው ጋር ይጻፍ። የቅጥር ዓመት ከትዝታ ሳይሆን ከቅጥር ደብዳቤ ወይም ከጡረታ ማኅደር ይወሰድ። የጣቢያው ስምም ይጣራ፦ ለምሳሌ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1969 በደርግ ተወርሷል፤ ከዚያ በፊት እዚያ የጀመረ ሰው «ሙሉ ዕድሜውን በመንግሥት ሬዲዮ» ተብሎ ሊጻፍለት አይገባም። የልጆችና የወንድም እህቶች ስም ዝርዝር ከመነበቡ በፊት ለሁለት ዘመድ፣ አንዱ ከአባት አንዱ ከእናት ወገን፣ ይነበብላቸው። በለቅሶ ቤት ለዓመታት የሚዘልቅ ቅሬታ የሚመጣው ከተረሳ ስም ነው።

«አንጋፋ፣ ተወዳጅ፣ ዘመን የማይሽረው» የሚሉት ቃላት ለማንም ይሆናሉ። የእሱን ሥራ የሚያሳይ ነገር ይግባ፦ ኳሷ የት እንዳለች ለሬዲዮ አድማጭ እንዴት ይነግር ነበር? ውጤቱን በየስንት ጊዜ ይደግመው ነበር? ከጎል በኋላ ዝም ብሎ ሆታውን ያሰማ ነበር ወይስ በላዩ ይናገር ነበር? ይህን ለመመለስ 10 ደቂቃ ቅጂ በጽሑፍ መገልበጥ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ግን ከሃያ የአድናቆት አረፍተ ነገር ይበልጣል። ሲገለበጥ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ የመሳሰሉት የአዲስ አበባ ስታዲየም ስፍራዎች ከተነሱ የት እንደሆኑ በግርጌ ይጻፍ። አዲሱ ትውልድ አያውቃቸውም።

ድምፁን በመታሰቢያ ላይ ማሰማት ለሚፈልግ፦ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የጎል ጩኸት በሞንታርቦ አይለቀቅም። ቦታው ድንኳኑ፣ አዳራሹ ወይም ሜዳው ነው። ሜዳ ላይ ከሆነ ከህሊና ጸሎቱ በኋላ እንጂ በመሃሉ አይደለም፤ ከውድድሩ ኮሚሽነርና ከሜዳው የድምፅ ባለሙያ ጋር ቀድሞ መነጋገር ግድ ነው። ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይበቃል። የስታዲየም ድምፅ ስለሚያስተጋባ ወፍራሙ ክፍል ከ150 ኸርዝ በታች ይቆረጥ፣ በአንድ ቻናል ይሁን፣ ፈጣኑ ትረካ ሳይሆን ረጋ ያለው ይመረጥ። ከስልክ የሚለቀቅ ከሆነ ስልኩ የበረራ ሁነታ ላይ ይሁን። የህሊና ጸሎት እንዳበቃ የሰው ስልክ በሞንታርቦ ሲጮህ መስማት ደስ አይልም።

ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ዘንድ የቪኤችኤስ ካሴት ይገኛል። ከአዲስ አበባ የሄደው ፓል በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት የተቀዳ ስለሆነ አሜሪካ በተሸጠ ተራ ቪዲዮ ማጫወቻ በትክክል አይታይም። ይህ የካሴቱ መበላሸት አይደለም፤ ሁሉንም ሥርዓት የሚያነብ ማጫወቻ ያስፈልገዋል። ብዙዎች «ተበላሽቷል» ብለው የሚጥሉት እዚህ ላይ ነው።

ለሕዝብ ከመልቀቅ በፊት መብቱ ይታይ። ካሴቱ የቤተሰቡ ነው፤ በካሴቱ ላይ ያለው ስርጭት ግን የጣቢያው ሊሆን ይችላል፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የብሮድካስት ድርጅቶችንም መብት ይሸፍናል። በደብዳቤ መጠየቅና የመልሱን ቅጂ ማስቀመጥ ነው። የኦሊምፒክ ምስል ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ሊወርድ ስለሚችል ድምፁን ከጋዜጠኛው ፎቶ ጋር ማውጣት ይቀላል። ሙዚቃ አይጨመርበት፤ ትረካውንም ይሸፍናል፣ የዘፈኑ ባለቤትም ይጠይቃል። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ።

ቅጂው ቢያንስ ሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ አንዱ ከቤተሰቡ ጋር በሃርድ ዲስክ፣ አንዱ በኢንተርኔት ማከማቻ፣ አንዱ በሌላ ከተማ ወይም አገር ባለ ዘመድ ዘንድ። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለማቆያ አይሆንም። በየሙት ዓመቱ አንድ ሰው ፋይሎቹን ከፍቶ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ጥቂት ጥቂት ይስማ፤ የማይከፈት ካለ ከሌላኛው ቅጂ ይተካ። ዋናው ካሴት ተቀዳ ተብሎ አይጣል። ተጠቅልሎ፣ በሽፋኑ ውስጥ ቆሞ፣ ከስፒከርና ከማግኔት ርቆ፣ ከመረከቢያው ወረቀት ጋር ወደ ባለቤቱ ይመለስ።